በዳፍኒያ የውኃ መርዛማነት ፈተና፦ ማነጻጸሪያዎቹ ለምን ይሞታሉ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለመመረቂያ ጥናቴ ከአቃቂ ወንዝ የቀዳሁትን ውኃ በዳፍኒያ ማግና (የውኃ ቁንጫ በሚባለው ጥቃቅን የውኃ እንስሳ) ስፈትሽ፣ በቧንቧ ውኃ ውስጥ ለማነጻጸሪያ ካኖርኳቸው 20 ዳፍኒያዎች 7ቱ በ48 ሰዓት ውስጥ መዋኘት አቆሙ። ውጤቱን ልጠቀምበት እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። ከማነጻጸሪያዎቹ ከ10 በመቶ በላይ መዋኘት ካቆሙ ፈተናው ውድቅ ነው፤ የእርስዎ 35 በመቶ ደርሷል። እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ክሎሪኑን ነው፤ ሰው ሳይሰጋ የሚጠጣው መጠን እነዚህን ረቂቅ ፍጥረታት ሊገድል ስለሚችል፣ በተጣራ ውኃ ላይ የካልሲየምና የማግኒዥየም ጨዎችን ጨምረው ማሟሟያውን (ዳፍኒያዎቹ የሚኖሩበትን ንጹሕ ውኃ) ራስዎ ቢያዘጋጁት ይሻላል።

ሌላ መልስ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ኦክስጅኑንም ይለኩ። አቃቂ የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም ብቻ ሳይሆን ኦክስጅን የሚያሟጥጥ የከተማ ፍሳሽም ስለሚሸከም፣ በፈተናው ማብቂያ ኦክስጅኑ በሊትር ከ3 ሚሊ ግራም በታች ከወረደ የገደላቸው መርዙ ይሁን መታፈኑ መለየት አይቻልም። ሲቆጥሩ ብርጭቆውን በቀስታ አወዛውዘው 15 ሰከንድ ይጠብቁ፤ አንቴናዋን እያንቀሳቀሰች ከታች የቀረችው እንደቆመች ትቆጠራለች። የዳፍኒያ ጫጩቶቹስ ዕድሜያቸው ከ24 ሰዓት በታች ነበር?

ጠያቂው፦ አልነበረም፤ የሁለት ቀን ዕድሜ ያላቸውም ተቀላቅለው ነበር። እናቶቹን ዛሬ ማታ ለይቼ፣ ነገ ጠዋት የተወለዱትን ብቻ እወስዳለሁ።