የለጋ ኦዳ ሥዕሎች፦ የአደን አስማት ናቸው?

ደቻቱ_ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ለሚመጡ ጎብኚዎች በአካባቢው የጥንት ሥዕል ስላለባቸው ስለ ለጋ ኦዳና ስለ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ አንድ ገጽ ማብራሪያ እያዘጋጀሁ ነው። የሚነገረው ሁሌ ያው ነው፦ «የጥንት ሰዎች አደን እንዲቀናቸው ከ40 ሺህ ዓመት በፊት ሣሉት።» ይሄ ያስኬዳል? ደግሞ ሥዕሉ ደብዝዞ ፎቶ ላይ አልወጣ ሲል ግድግዳው ላይ ውሃ መርጨት ይጎዳል ወይ?

ከዚራ፦
መጀመሪያ ዕድሜውን እናስተካክል። 40 ሺህ ዓመት የሚባለው ለቀለም የሚሆነው የፖርክ ኤፒክ ቀይ አፈር ነው። ከዋሻው ወለል 4,213 ቁራጭ፣ በድምሩ 40 ኪሎ ያህል ተቆፍሮ ወጥቷል፤ የተፈገፈገና የተፈጨ አለበት፣ መፍጫ ድንጋዮቹም አብረው ተገኝተዋል። ቀለም ተዘጋጀ ማለት ግን ግድግዳ ተሣለ ማለት አይደለም። ቀይ አፈር ለገላም ለቆዳም ይሆናል። በ1933 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ቄስና የዋሻ ሥዕል ተመራማሪ አቤ ብረይ ያያቸው የዋሻው ሥዕሎች ሌላ ጉዳይ ናቸው።

ለጋ ኦዳም ላይ ያው ስህተት አለ። ወለሉ ውስጥ 16 ሺህ ዓመት ገደማ የሆናቸው የድንጋይ መሣሪያዎች መገኘታቸው ከበላያቸው ያለውን ሥዕል 16 ሺህ ዓመት አያደርገውም። ግድግዳው ላይ ያሉት የቤት ከብቶች ናቸው፤ የቤት ከብት ወደ አፍሪካ ቀንድ የገባው ደግሞ ካለፉት ጥቂት ሺህ ዓመታት ወዲህ ነው። ግመል ካየህ ከዚያም ይዘገያል። የቀለሙን ዕድሜ በቀጥታ በካርበን መለካት አስቸጋሪ ነው፦ ቀዩ የብረት ማዕድን ስለሆነ የሚለካ ካርበን የለውም፤ ከሰል ወይም ማጣበቂያ ስብ ካልተገኘበት በቀር።

ሸዋበር፦
«አደን» የሚለውን ሥዕሉ ራሱ ያፈርሰዋል። ሻኛ የሌላቸው፣ ቀንደ ረጃጅም ላሞች ናቸው፤ ሰውነታቸው ከጎን፣ ቀንዳቸው ከላይ እንደታየ ሆኖ ተሥሏል። ግታቸው ሆን ተብሎ ጎልቷል። ባለ ላት በጎችም አሉ። የገዛ ላሙን አልቦ የሚጠጣ ሰው ምን አደን ይለምናል?

ሐሳቡ የመጣው ከፈረንሳይ ዋሻዎች ነው፤ እዚያም ቢሆን ተቸግሯል። ላስኮ በሚባለው ዋሻ ውስጥ የተገኘው አጥንት በአብዛኛው የሬንዲር (የበረዶ አገር አጋዘን) ነው፤ ግድግዳው ላይ ግን ፈረስና የዱር በሬ ሞልቶ ሬንዲር አንድ ብቻ ነው። የሚበላውና የሚሣለው አልገጠመም። «ሣይዎቹ በመንፈስ ተመስጠው ያዩትን ነው የሣሉት» የሚለው ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ሳን ሕዝብ በ19ኛው መቶ ዘመን በሰጠው ቃል ላይ ይቆማል፤ ለእኛዎቹ እንዲህ ያለ ቃል የሰጠ የለም።

እኔ የምጽፈው ይህን ያህል ብቻ ነው፦ አርብቶ አደሮች ሀብታቸውን ሣሉ፣ ላሟንና ወተቷን አከበሩ። ሐርጌሳ አጠገብ ላስ ጌል ያሉት አንገታቸው ያጌጠ ላሞችም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ ስልቱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ዐረቢያ ድረስ ይሄዳል። ደግሞ «ዓላማው ይህ ነው» ብለህ በነጠላ አትጻፍ። እውነተኛ መልክ ያለው ላም ላይ በመስመር ብቻ የተሣለ ምስል ተደርቦ ስታይ፣ ኋላ የመጣ እጅ ነው፤ ሁለቱ አንድ ነገር አስበው ነበር ለማለት ማስረጃ የለንም።

ገንደ_ቆሬ፦
ውሃውን ተወው! ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ነው። ውሃው ኖራና ጨው አሟሙቶ ሲደርቅ ሥዕሉ ላይ ነጭ ሽፋን ይተዋል፤ ሲደጋገም ላዩ ከነቀለሙ ይላጣል። ለጊዜው የደመቀ መስሎ ስለሚታይ ነው ሰው የሚታለለው። በጠመኔ ዙሪያውን ማስመርም ያው ጉዳት ነው።

ጥላ ባለበት ሰዓት በትሪፖድ አንሣ፤ ካሜራው ከግድግዳው ጋር ትይዩ ይሁን፣ አይኤስኦ 100 ወይም 200፣ ፋይሉ በሮው (ካሜራው ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ዓይነት)። የ10 ሴንቲሜትር መለኪያና የቀለም ካርድ ሳይነካ አጠገቡ ያዝ። ከዚያ የደበዘዘ ቀለም በሚያጎላው ዲስትሬች በሚባል ሶፍትዌር አሳልፈው፦ ለቀይ ኤልአርኢ፣ ለጥቁር ዋይቢኬ የሚባለውን ምርጫ ተጠቀም። በጄፔግ ካነሣህ ቀለሙ ሲጎላ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ብቅ ይላሉ፤ ሥዕል እንዳይመስሉህ። በድንጋዩ ውስጥ ያለ የብረት ዝገትም ልክ እንደ ቀለም ይቀላል፤ ያልተነካካው ፎቶ ላይ ጠርዙን ሳታይ «አዲስ ላም አገኘሁ» አትበል።

ደቻቱ_ማዶ፦
እሺ፣ 40 ሺሁን ለቀይ አፈሩ ብቻ አድርጌዋለሁ። የጉብኝት ቡድኑ ዋሻው ውስጥ ቡና ማፍላት ይወዳል፤ እሱስ?

ገንደ_ቆሬ፦
ውጭ ያፍሉ፣ ጭሱ በማይገባበት በኩል። ጥላሸት አንዴ ከያዘ ቀለሙን ሳይነኩ ማጽዳት የሚቻል አይደለም።