ትሪቢዩት አልበም፦ የሄቪ ሜታል ወዳጅ ይግዛው ወይስ ይለፈው?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የአንድን ባንድ ዘፈኖች ሌሎች ተጫውተው የሚያወጡት ትሪቢዩት አልበም ገንዘብ ሊወጣበት ይገባል? ወይስ ዋናው እያለ ምን ያደርጋል?

ሲዲ ሰብሳቢ፦ ማን ተጫወተው ነው ጥያቄው። በ1994 ለሄቪ ሜታሉ ባንድ ብላክ ሳባዝ ክብር በወጣው «ኔቲቪቲ ኢን ብላክ» ላይ ሜጋዴዝ፣ ሴፑልቱራና ታይፕ ኦ ኔጋቲቭ እያንዳንዳቸው እንደ ባንድ ገብተውበታል። እንዲህ ያለው ይገዛል። የማይገዛው አንድ የስቱዲዮ ቡድን ሙዚቃውን በሙሉ ቀድቶ በየዘፈኑ ታዋቂ ድምፃዊ የሚደረብበት ነው። ሽፋኑ ላይ አሥር ስም፣ ውስጡ አንድ ባንድ! የውስጡን ወረቀት ገልጣችሁ ከበሮ የመታውን ፈልጉ፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሰው ከሆነ መልሱት።

ቤዚስት፦ ይሄ ሕግ አያስኬድም። እዚያው ያሞገስከው አልበም ላይ የጁዳስ ፕሪስቱ ድምፃዊ ሮብ ሃልፎርድ ከሳባዙ ቤዚስት ጊዘር በትለርና ከከበሮ መቺው ቢል ዋርድ ጋር «ዘ ዊዛርድ»ን ተጫውቷል። ለዚያ ቀረጻ ብለው የተሰባሰቡ ናቸው፤ ግን ሁለቱ የሳባዝ ሰዎች ራሳቸው ናቸው።

ጊታሪስት፦ ስም ተዉና ቅኝት እንይ። የሳባዙ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በፋብሪካ አደጋ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ አጥቷል። በ1971ዱ «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» አልበም ጊታሩን በሦስት ግማሽ ቶን ዝቅ አድርጎ የቃኘው ክሩ እንዲላላለት ነው። ወፍራሙ ክር 69 ኸርዝ (በሰከንድ 69 ንዝረት) ገደማ ላይ ያርፋል። የዛሬዎቹ ባለ ሰባት ክር ጊታር ይዘው ወደ 62 ያወርዱትና ድምፁን የሚያሻክረውን ዲስቶርሽን ይቆልሉበታል። ትልቁ ከበሮና ቤዙም እዚያው ስለሚጋፉ ሪፉ፣ ማለትም የሚደጋገመው የጊታር ሐረግ፣ ተውጦ ይቀራል። ከዲስቶርሽኑ በፊት የታችኛውን ድምፅ ቢቀንሱት ይጠራ ነበር። ናሙናውን ስሙ፤ ጊታሩ የትኛውን ኖት እንደያዘ ካልለያችሁት እለፉት።

ድምፅ ቀራጭ፦ ጥፋቱ ሁሉ የተጫዋቹ አይደለም። ዘፈኖቹ በተለያየ ስቱዲዮ ስለሚቀዱ፣ በመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ (ማስተሪንግ) ላይ ካልተስተካከሉ አንዱ ይጮሃል፣ ቀጣዩ አይሰማም። ፋይል የምታጫውቱ፣ በማጫወቻው ላይ የድምፅ መጠን የሚያመጣጥነውን ሪፕሌይጌይንን ከአልበም ወደ ነጠላ ዘፈን አዙሩት፤ የአልበሙ ምርጫ ልዩነቱን እንዳለ ያቆየዋል። የትልቁ ከበሮ ድርብ ፔዳል እየፈጠነ ምቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ኃይል ካለው ደግሞ ከበሮውን የመታው ኮምፒውተር ሳይሆን አይቀርም።

ደጋፊ፦ ቢያንስ ዋናውን ባንድ እንደግፋለን እኮ።

ሲዲ ሰብሳቢ፦ ባንዱን ሳይሆን ደራሲውን። በአሜሪካ ሕግ አንድ ዘፈን ከታተመ በኋላ የተተመነውን ክፍያ የከፈለ ሁሉ በድጋሚ ሊቀዳው ይችላል። ከ2006 እስከ 2022 ክፍያው እስከ አምስት ደቂቃ ለሚረዝም ዘፈን በአንድ ቅጂ 9.1 ሳንቲም ነበር። በዋናው ቀረጻ ላይ ጊታር የተጫወተው ሰው ከደራሲዎቹ አንዱ ካልሆነ ምንም አያገኝም። ሽፋኑ ላይ «ትሪቢዩት» መባሉም ባንዱ ፈቀደ ማለት አይደለም።

ደጋፊ፦ በ2014 ለሟቹ የሄቪ ሜታል ድምፃዊ ለሮኒ ጄምስ ዲዮ የወጣው ግን ገቢው በስሙ ለተቋቋመው የካንሰር ፈንድ ነው። የሜታሊካን ባንድ አንድ አልበም ሌሎች የተጫወቱበት የ2021ዱ «ዘ ሜታሊካ ብላክሊስት»ም ለበጎ አድራጎት ነው፤ 53 አርቲስቶች አሉበት።

ቤዚስት፦ 53 ሰው፣ 12 ዘፈን! «ናቲንግ ኤልስ ማተርስ» ብቻውን 12 ጊዜ ይመጣል። ማን ይጨርሰዋል? የወደድከውን ሦስት ዘፈን ነጥለህ ግዛ።

ሲዲ ሰብሳቢ፦ ነጥለህ ስትገዛ ወረቀቱ አይመጣልህም፤ ከበሮውን ማን እንደመታ ከየት ታነባለህ?