ቢቲኬ በልጄ ምርመራም በአባቴ መድኃኒትም ላይ ተጽፏል፤ ይገናኛሉ?

ጥያቄ፦ እናት ከሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። የአራት ዓመት ወንድ ልጄ ከሰባት ወሩ ጀምሮ ጆሮው ሲመግል፣ የሳንባ ምች ሲመላለስበት ቆየ። ጉሮሮውን ያየችው ሐኪም ቶንሲሉ የለም በሚባል ደረጃ ማነሱ አስደንግጧት ለዘረመል ምርመራ ላከችን፤ ውጤቱም ቢቲኬ የሚባለው ዘረመል ጉድለት እንዳለበት አሳየ። አሁን በየአራት ሳምንቱ ኢሚዩኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም የተገኘ ፀረ እንግዳ አካል) በደም ሥሩ ይሰጠዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው።

ግራ የገባኝ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ያሉት አባቴ ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ተገኝቶባቸው ኢብሩቲኒብ ጀመሩ። ወረቀቱ ላይ «ቢቲኬን የሚያግድ» ይላል። ለልጄ በሽታ የሆነው ነገር ለአባቴ እንዴት መድኃኒት ይሆናል? ችግሩ ከእርሳቸው በእኔ በኩል ወደ ልጄ መጥቶ ይሆን? እዚያው ያለችው እህቴ ነፍሰ ጡር ናት። ለጥምቀት ልጁን ይዤ ልሄድም አስቤያለሁ።

መልስ፦ የባዮሎጂ መምህር

እህቴ፣ የሁለቱ ነገር በእርግጥ ይገናኛል፤ በሽታቸው ግን አንድ አይደለም። ቢ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በላያቸው ባለው ተቀባይ የሚደርሳቸውን ምልክት ወደ ውስጥ ከሚያሻግሩት ፕሮቲኖች አንዱ የሚሠራው በዚህ ዘረመል ትእዛዝ ነው፤ ፕሮቲኑም ራሱ ቢቲኬ ይባላል። ምልክቱ ሕዋሱ እንዲያድግ፣ እንዲባዛና በሕይወት እንዲቆይ ያደርጋል። ልጅሽ ዘንድ ምልክቱ ስለማያልፍ ሕዋሳቱ መቅኔ ውስጥ ሳይበስሉ ይቀራሉ፤ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርትለትም የለም። እስከ ስድስት ወር ገደማ የጠበቀው በማህፀን ሳለ ካንቺ የወሰደው ነው። በአባትሽ በኩል ደግሞ የታመሙት ቢ ሴሎች በዚያው ምልክት እየታገዙ አንሞትም ብለዋል። መድኃኒቱ ፕሮቲኑን አግዶ ምልክቱን ያቋርጥባቸዋል።

መንገዱን ያሳዩን እንደ ልጅሽ ያሉ ሕፃናት መሆናቸው ሁልጊዜ ይነካኛል። ዶክተር ኦግደን ብሩተን እ.ኤ.አ. በ1952 ዋሽንግተን በነበረው ዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ደሙ ውስጥ ጋማ ግሎቡሊን (ፀረ እንግዳ አካላት ያሉበት የደም ፕሮቲን) እንደሌለው ደርሰውበት የጎደለውን በመርፌ ሰጡት። ዘረመሉ በ1993 ተገኘ፤ ኢብሩቲኒብ ደግሞ በ2013 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

መልስ፦ የዘረመል አማካሪ

አባትዎን ከጥርጣሬ ያውጧቸው። ቢቲኬ ያለው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው ጉድለቱ ቢኖርባቸው ኖሮ እንደ ልጅዎ ገና በሕፃንነታቸው ይታመሙ ነበር። ለእርስዎ ያወረሱትም ያንኑ ጤነኛውን ነው። ካንሰሩ በዕድሜ የመጣ እንጂ የተወረሰ ቢቲኬ ያመጣው አይደለም።

ስለዚህ ጉድለቱ በእናትዎ በኩል መጥቷል፣ ወይም በእርስዎ ወይም በልጁ አዲስ ተፈጥሯል። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ በቤተሰባቸው ከዚያ በፊት የታመመ የለም። እርስዎ ተሸካሚ (ሳይታመሙ ጉድለቱን የያዙ) ካልሆኑ እህትዎ በዚህ ምክንያት የምትሰጋበት ነገር የለም። ተሸካሚ ከሆኑ ግን እህትዎ በቀጥታ ትመርመር። እርስዋም ተሸካሚ ሆና ከተገኘች እያንዳንዱ ወንድ ልጇ የመታመም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሴቶች ልጆቿ ተሸካሚ ሊሆኑ ቢችሉም አብዛኛውን ጊዜ አይታመሙም።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት

የእኔም ትልቁ ልጅ ይኸው ችግር አለበት፤ አገር ቤት ወስጄው በሰላም ተመልሰናል። ዋናው ጥንቃቄ የፖሊዮ ጠብታ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በመርፌ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ አገር ቤት ግን ጠብታውም ይሰጣል፣ በዘመቻ ጊዜም ቤት ለቤት ይዞራሉ። ጠብታው ውስጥ ያለው ቫይረስ የተዳከመ ቢሆንም ሕያው ነው፤ እንደ ልጆቻችን ላሉት አደገኛ ነው። ጠብታውን የወሰደ ሕፃንም ቫይረሱን ለሳምንታት በሰገራው ያወጣል። በቅርቡ የተከተበ የዘመድ ልጅ ካለ ዳይፐሩን የሚቀይረው ሰው እጁን በሳሙና በደንብ ይታጠብ፤ ልጅሽ እዚያ ቤት ባያድር ይሻላል።

ሌላው ጃርዲያ ነው። ለእኛ ልጆች ቶሎ አይለቃቸውም። ጥርሱን ሲቦርሽ እንኳን የፈላ ወይም የታሸገ ውኃ ስጪው። ኢሚዩኖግሎቡሊኑን ከጉዞው ጥቂት ቀናት በፊት ይውሰድ፤ የሐኪሙንም ደብዳቤ ያዢ። ትኩሳት ከያዘው እስከ ነገ ልየው አትበዪ።

መልስ፦ ፋርማሲስት

ስለ አባትዎ፦ መድኃኒቱን በጀመሩባቸው ሳምንታት ደማቸው ሲመረመር የሊምፎሳይት (ቢ ሴሎችም የሚገኙበት የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት) ቁጥር ሊጨምር ይችላል። ሕዋሳቱ ከዕጢዎች ወደ ደም ስለሚወጡ ነው እንጂ ሁልጊዜ በሽታው ባሰበት ማለት አይደለም፤ በዚህ ደንግጠው በራሳቸው እንዳያቋርጡ። መድኃኒቱ ያደማል፤ አስፕሪን ከመውሰዳቸው ወይም ጥርስ ከመነቀላቸው በፊት ለሐኪማቸው ይንገሩ። ልባቸው ያለ ሥርዓት ቢመታባቸውም እንዲሁ። ግሬፕፍሩትና ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋሉ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እህቴ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ ወንድ ነው ተብላለች። የእኔ የተሸካሚነት ምርመራ ውጤት ሳይደርስ ብትወልድስ?

የዘረመል አማካሪ

የልጁን ሙሉ ሪፖርት ዛሬውኑ ይላኩላት፤ ላቦራቶሪው በትክክል የትኛውን ለውጥ እንደሚፈልግ የሚያውቀው ከዚያ ነው። የሕፃናት ሐኪሟም ከመውለዷ በፊት ይወቅ። አገር ቤት የሳንባ ነቀርሳ ክትባቱና የመጀመሪያው የፖሊዮ ጠብታ የሚሰጡት እንደተወለደ ስለሆነ፣ የሕፃኑ ቢ ሴሎች ተቆጥረው እስኪታወቁ ድረስ ሁለቱን ስለማቆየት ሐኪሙን አሁኑኑ ትጠይቀው። ሕያው ያልሆኑትን ክትባቶች በተመለከተ ግን የሚያሰጋ ነገር የለም።