የሱሉልታ የውርጭ ጠዋት፦ ነጩ ለምን ግራጫ ሆኖ ይወጣብኛል?

ብርሃን ፈላጊ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ እንጀራዬ የሰርግና የክርስትና ፎቶ ነው። የዛሬው ጥያቄዬ ግን ከሥራዬ ውጪ ነው።

ከሕዳር አጋማሽ ወዲህ ሜዳችን ነጭ ሆኖ እያደረ ነው። ገብስ የታጨደበት ማሳ፣ የግጦሹ ሣር፣ የአጥሩ እንጨት ሳይቀር አመዳይ ይይዛል። ከሜዳው ማዶ የእንጦጦ ጋራ ጠቁሮ ይታያል፤ ፈረሶቹ አፋቸው እየተነነ ይቆማሉ። በዓይኔ የማየው ይህንን ነው። ካሜራው የሚሰጠኝ ግን ሌላ ነው። ነጩ አመድ መስሎ ይወጣል፣ ጥላው ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል። ካሜራዬ ካኖን ነው፤ አብሮት የመጣው 18-55 ሌንስና አንድ 50 ሚሊ ሜትር አለኝ። የሙሽራ ቬሎ ሳነሳም አንዳንዴ እንዲሁ ይሆንብኛል።

የውጭ አገር ሰዎች የሚያነሱትን የበረዶ ተራራ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሄዳል፤ በተለይ ከተራራው ሥር መስኮቷ በመብራት የቀላ አንዲት የእንጨት ቤት ካለች። እዚያ ድረስ የምሄድበት አቅም ለጊዜው የለኝም። ደጄ ላይ ያለውን ነጭ ግን በወጉ ማንሳት እፈልጋለሁ። ለገና ሰሞን ደግሞ ከእህቴ ጋር በመናገሻ በኩል ምድጃ ያለው የእንጨት ቤት ተከራይተን ለማደር አስበናል። የት ልቁም? በስንት ሰዓት? ካሜራውን ምን ላድርገው? ቤቱንስ እንዴት እናሙቀው? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የወጨጫ ጎረቤት

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። ሰሜን ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ከተማ ብዙ ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት፤ አሁን ቤቴ ከመናገሻ ወጣ ብሎ ነው። እዚያ በረዶ ሳነሳ የተማርኩት አብዛኛው ነገር ሱሉልታ ሜዳ ላይም ይሠራል።

መጀመሪያ ስለ ግራጫው። ካሜራው ፊቱ ያለው ነገር ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም። የብርሃን መለኪያው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ እንዲያመጣ ተደርጎ የተሠራ ነው። አዲስ የወረደ በረዶ ካረፈበት ብርሃን 80 ከመቶውን ወይም ከዚያም በላይ መልሶ ስለሚያንጸባርቅ፣ ካሜራው ብርሃኑ በዛ ብሎ ያጨልመዋል። የቬሎውም ጣጣ ይኸው ነው። ስለዚህ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን የኤክስፖዠር ማስተካከያ ወደ መደመር ውሰጂው። ሁሉ ነገር በረዶ ከሆነ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ ይጨመራል (አንድ ስቶፕ መጨመር ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው)። የእናንተ ውርጭ ግን በመሃሉ ሣሩና አፈሩ ስለሚታይ ያን ያህል አይፈልግም፤ ከሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ጀምረሽ እስከ አንድ ሂጂ። ከዚያ ሂስቶግራሙን፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ጨለማውን በግራ ብርሃኑን በቀኝ የሚያሳየውን ግራፍ ተመልከቺ። ክምሩ ወደ ቀኝ ይጠጋ፣ የቀኙን ጠርዝ ግን አይንካ። ከነካ የአመዳዩ ቅንጣት ተቃጥሏል፣ ማለትም ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ሆኗል፤ ኮምፒውተር ላይም አይመለስም። ደግሞ በራው (ካሜራው ባላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) አንሺ።

ሰማያዊውን አትጥዪው። ጥላው ሰማያዊ የሆነው ፀሐይ ስላላገኘችውና የሰማዩ ብርሃን ብቻ ስለሚያርፍበት ነው። እውነተኛ ቀለሙ ነው። ዋይት ባላንሱን (የነጭ ቀለም ማስተካከያውን) ፀሐይ በነካችው ነጭ ላይ አስተካክለሽ ጥላውን እንዳለ ተዪው። ሁሉንም አንጥቶ የጨረሰ ፎቶ፣ በእኔ ዓይን፣ ብርድ የለውም።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ፤ ይህን ረጋ ብለሽ አንብቢው። ሰው ብርድ ፍለጋ ሽቅብ ይወጣል። እንጦጦ አናቱ 3,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ እዚያ ነጭ አገኛለሁ ይላል። በሐምሌና በነሐሴ በረዶ ሲጥል ልክ ነው፤ መንገዱ ሁሉ ይነጣል፣ ብዙም ሳይቆይ ይሟሟል። ለበጋ ውርጭ ግን ቁልቁል መውረድ ነው። ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬት ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ የነካት አየር ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ነውና ከጋራው እየተንሸራተተ ሜዳ ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው የጋራው ወገብ ደረቅ ሆኖ ሳለ ዝቅ ያለው የሱሉልታ ሜዳ የሚነጣው። ማታ ኮከቡ ጥርት ካለና ቅጠል ካልተንቀሳቀሰ ማንቂያሽን ሙዪ። ደመና ካለ ምድርን እንደ ጋቢ ስለሚሸፍናት ዝም ብለሽ ተኚ። ስልክሽ 3 ወይም 4 ዲግሪ ነው ቢልሽም ተስፋ አትቁረጪ፤ የአየር ሙቀት የሚለካው ከመሬት ከፍ ብሎ ነው፣ ሣሩ ላይ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል።

በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አንቺ 12 ሰዓት ላይ ትራይፖድሽን ተክለሽ ጠብቂ። ፊትሽን ወደ እንጦጦ፣ ማለትም ወደ ደቡብ ካዞርሽ ፀሐይ በስተግራሽ ትመጣለች። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ብርሃኑ ሜዳውን ጎኑን እየዳሰሰ ሲያልፍ እያንዳንዱ የሣር ጉብታ ጥላ ያወጣል፣ ወደ አንቺ የዞረው የጋራው ፊት ደግሞ ገና በጥላ ውስጥ ስለሆነ ጥቁር መደብ ይሆንልሻል። የፈረሶቹ ትንፋሽ የሚታየው በዚያ ጥቁር ላይ ነው። ፀሐይን ከጀርባሽ ካደረግሽ ሜዳው ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለሽ ጊዜ አጭር ነው። የነካችው ሁሉ ወዲያው ወደ ጠብታ ይለወጣል። የባሕር ዛፍና የአጥር ጥላ ያረፈበት ሣር ላይ ግን ውርጩ በጥላው ልክ ነጭ እንደሆነ ይቆያል፣ ዙሪያው አረንጓዴ ነው፤ ጥላው ሲሸሽ የነጩ ጠርዝ ሲከተለው ቆመሽ ታዪዋለሽ። በ50 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ ጎንበስ በዪ። ታጭዶ የቀረው የገብስ አገዳ ላይ መርፌ መርፌ የሆነ አመዳይ በጠርዙ ብቻ ተሰልፎ ይገኛል። ዊልሰን ቤንትሊ የሚባል የአሜሪካ ገበሬ ቨርሞንት ውስጥ እዚያው መንደሩ ሆኖ፣ ካሜራና ማይክሮስኮፕ አገጣጥሞ፣ በ1885 እ.ኤ.አ. የአንዲት የበረዶ ቅንጣትን ፎቶ ለማንሳት በቃ። እስኪሞት ድረስ ከ5,000 በላይ አነሳ። ከደጁ ሳይርቅ ነው ይህን ሁሉ ያየው፤ ለአንቺም የምመኘው ይህንን ነው።

ስለ ዕቃው ባጭሩ። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፤ መለዋወጫውን ደረትሽ ጋ ባለ ኪስ ያዢ። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ከመግባትሽ በፊት ካሜራውን ውጪ ሳለሽ በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቀሽ እሰሪው፤ ቤት ውስጥ እስኪሞቅ አትክፈቺው። አለዚያ ጤዛው ሌንሱ ውስጥ ይገባል።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ እለምንሻለሁ። ማሳ ውስጥ ከመግባትሽ በፊት ባለቤቱን አስፈቅጂ። ውርጭ የመታው ባቄላና ድንች ለባለቤቱ ሐዘን ነው። እሱ የጠቆረ ቅጠል እያገላበጠ አንቺ አጠገቡ "እንዴት ያምራል" እንዳትዪ።

የደባርቅ ልጅ

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እውነተኛ በረዶ አገራችን ውስጥ ማየት ለምትፈልጊ ግን ስሜን አለልሽ። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ ቧሒትም ከ4,400 ሜትር ያልፋል። በክረምት ወራት አልፎ አልፎ ሌሊት ይጥልና ጠዋት ጫፉ ነጭቶ ይታያል፤ ፀሐይ ከበረታች ግን እስከ ቀትር አይቆይም። ስለዚህ ጨነቅ ካምፕ አድሮ በሌሊት መነሳት ነው። ጨነቅ ራሱ 3,600 ሜትር ገደማ ስለሆነ ወፍራም ልብስ ያዢ፤ ሰውነትሽ ከፍታውን እንዲለምድ ከታች ሳንቃበር ካምፕ አንድ ሌሊት ብታድሪ ይሻላል።

የስሜን በረዶ ዝናው የቆየ ነው። አንድ የአክሱም ንጉሥ አዱሊስ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ የዘመተበትን የስሜንን ተራራ ሲገልጽ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ ያሰምጠዋል ይላል። ድንጋዩ ዛሬ የለም፤ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ስለገለበጠው ነው የደረሰን። እኔ ጠዋት ከቧሒት ግርጌ ስቆም ሁልጊዜ ያ ጽሑፍ ትዝ ይለኛል።

እትዬ ምድጃ

የኔ ልጅ፣ የካሜራውን ነገር ለሚያውቁት ትቼ ስለ ቤቱ ልንገርሽ። እኔ የምኖረው ወደ ሱባ ደን በሚወስደው መንገድ ነው፤ የታኅሣሥን ሌሊት አውቀዋለሁ።

ከሁሉ በፊት፦ ከሰል ቤት ውስጥ አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ እንዳትተኙ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይወስዳል። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ድካም ከተሰማችሁ ሁለታችሁም ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ። ቤቱን ከመከራየታችሁ በፊትም የጭስ ማውጫው እንደሚሠራ ጠይቁ፤ ትንሽ ወረቀት አቃጥላችሁ ጭሱ ሽቅብ መሳቡን በዓይናችሁ እዩ።

እንጨቱ ደረቅ ባሕር ዛፍ ይሁን። ደረቅ መሆኑን ሁለቱን ፍልጥ አጋጭተሽ ታውቂዋለሽ፤ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ እርጥቡ ድፍን ነው። እርጥብ እንጨት ጭስ እንጂ ሙቀት አይሰጥም። ጽድ ሽታው ቢያስጎመጅም ከደኑ አንዲት ቅርንጫፍ አትቁረጡ። የሱባን ደን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት አባቶቻችን ይናገራሉ፤ እኛም ልጆቻችን እንዲያዩት ነው የምንጠብቀው።

ማታ ፍሙ ጨርሶ ሳይጠፋ የጭስ ማውጫውን አትዝጉ። ሌሊቱን ቡልኮ ይበቃችኋል። በላስቲክ የሙቅ ውሃ መያዣ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልታችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ። ከመተኛታችሁ በፊት አጥሚት ጠጡ። ጠዋት ለፎቶ ስትወጪ ደግሞ ብቻሽን አትሂጂ፤ በዚህ ሰፈር ጅብ እስኪነጋ ድረስ መንገድ ላይ አይጠፋም።

ብርሃን ፈላጊ

ጋሼ፣ እትዬ፣ የደባርቁም ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት አንድ ስቶፕ ጨምሬ አነሳሁ፤ ነጩ ነጭ ሆነ! የአጥሩ ጥላ ላይ የቀረውንም ውርጭ አገኘሁት። አንድ ነገር ልጨምር፦ እንደዚያች ዓይነት መስኮቷ የቀላ ቤት ማታ ሳነሳ ወይ መስኮቱ ይቃጠላል ወይ ውጪው ጥቁር ይሆናል። ምን ላድርግ?

የወጨጫ ጎረቤት

ጎበዝ! እሱ የሰዓት ጉዳይ ነው። ትሮምሶ ከሕዳር መጨረሻ እስከ ጥር መጀመሪያ ፀሐይ አትወጣም፤ ቀትር ላይ ለሰዓታት ሰማያዊ ብርሃን ብቻ አለ፣ የመስኮት መብራትና ውጪው እኩል የሚሆኑበት ጊዜ ረጅም ነው። እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ሲመሽ ቶሎ ይመሻል። በገና ሰሞን ፀሐይ የምትገባው ምሽት 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ከገባች 15 ደቂቃ አካባቢ ቆይተሽ ጀምሪ፤ ሁለቱ ብርሃኖች የሚመጣጠኑት ለጥቂት ደቂቃ ነው። ትራይፖዱን አስቀድመሽ ትከዪ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 100 ወይም 200 ላይ አድርጊ፣ በየደቂቃው አንድ አንሺ። እህትሽ ውስጥ ያለውን አምፖል በአንድ ፋኖስ ወይም በደበዘዘ መብራት ብትለውጠው ደግሞ መስኮቱ አይቃጠልም።

ጫንጮ 21

ካሜራ የለኝም፣ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ። ለእኔስ መላ አለ?

ብርሃን ፈላጊ

አለ እንጂ። እኔም ዛሬ በስልኬ ሞከርኩት። ስክሪኑ ላይ ነጩን ሣር በጣትህ ንካ፤ አጠገቡ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ከወጣች ነጩ እስኪነጣ ድረስ ወደ ላይ ጎትታት። ጣትህን ትንሽ አቆይተህ ብትጫን ብርሃኑንና ፎከሱን ይቆልፈዋል፣ ፈረሱ ሲንቀሳቀስም አይለዋወጥብህም። በጣት ማጉላቱን ተወው፣ ጥራቱን ይገድለዋል፤ በእግርህ ቅረብ። ከማንሳትህ በፊት ደግሞ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረገው።