ኤምአርአዩ ምንም አላሳየም፤ አሁን ደግሞ ስፔክትሮስኮፒ ይነሳ አሉን

እህቱ ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው፤ የሚጥል በሽታ አለበት። ግን ወድቆ አረፋ የሚደፍቀው ዓይነት ስላልሆነ ብዙ ሰው አያምነንም። መጀመሪያ «ከሆዴ የሆነ ነገር ሽቅብ ወጣ» ይላል። ከዚያ ዓይኑ ፈጦ ይቀራል። ከንፈሩን ያጣጥማል፤ በግራ እጁ ሸሚዙን ይነካካል፤ ቀኝ እጁ ግን ድርቅ ይላል። ባለፈው እሑድ ቡና ሲቀዳ ያዘው። ስኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ እየፈሰሰ እሱ ጀበናውን እንዳዘነበለ ቀረ። እማዬ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቃ ወሰደችለት። አገር ቤት እያለን ክብሪት ጭረን እናሸተው ነበር። እሱንስ ትተናል።

ልጅ ሳለ በትኩሳት ለረጅም ሰዓት አንቀጥቅጦት ያውቃል። ሁለት መድኃኒት ሞከረ፣ አልቆመለትም። ኢኢጂው (የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው) ወደ ግራ ይጠቁማል ብለዋል፤ ኤምአርአዩ ግን ንጹህ ነው። አሁን ስፔክትሮስኮፒ አዘዙለት። ማሽኑ ያው ከሆነ ያኔ ያላየውን አሁን በምን ያየዋል? ቀዶ ሕክምናውንስ የሚወስኑት በዚህ ነው? እማዬ ደግሞ «ስንት ጊዜ ነው ጨረር የሚጠጣው!» እያለች ነው።

ማሽን ክፍል

እህቴ፣ 11 ዓመት ኤምአርአይ ሳነሳ ኖሬያለሁ፤ የማውቀውን ልንገርሽ። ለእናትሽ መጀመሪያ፦ ጨረር የለውም። ጩኸት ነው ያለው። ለስፔክትሮስኮፒው ብቻ መርፌም አያስፈልግም።

አዎ፣ ማሽኑ ያው ነው። የተለመደው ኤምአርአይ ሥዕሉን የሚሠራው በዋናነት ከውሃና ከስብ ነው። ስፔክትሮስኮፒ ላይ ግን የውሃውን ድምፅ ሆን ብለን እናፍነዋለን፤ ካልታፈነ ሌላው አይሰማም። የሚወጣው ጉብታ ጉብታ ያለው መስመር ነው፤ ከሥሩ የጉብታዎቹን ቦታ የሚለዩ ቁጥሮች አሉት። 2.0 ላይ የሚቆመው ረጅሙ ጉብታ ኤንኤኤ ይባላል፤ የነርቭ ሴሎች የሚሠሩት ንጥረ ነገር ነው። ክሬአቲን 3.0 ላይ፣ ኮሊን 3.2 ላይ አጠገብ ለአጠገብ ይቆማሉ። ሕመሙ የሚነሳበት ወገን ላይ ኤንኤኤ ከእነሱ አንጻር ዝቅ ሊል ይችላል፤ ሥዕሉ ላይ ምንም ባይታይም። ዝቅ አለ ማለት ደግሞ ሴሉ ሞቷል ማለት ብቻ አይደለም። ቀዶ ሕክምና ተሠርቶላቸው ሕመሙ የተዋቸው ሰዎች ላይ፣ ባልተነካው ወገን ተመልሶ ሲጨምር ታይቷል።

ሥራው ግን ያበሳጫል። ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል የማስታወሻ ክፍል ላይ የምናስቀምጣት የመለኪያ ሳጥን በየጎኗ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። ቦታው ጆሮ አካባቢ ካለው አጥንትና አየር ጋር ጉርብትና ነው። እነሱ መግነጢሱን ያዛቡታል፤ ጉብታዎቹ ይሰፉና እርስ በርስ ይደባለቃሉ። አንዳንዴ ከማንሳቱ ይልቅ መግነጢሱን ማስተካከሉ ነው ጊዜዬን የሚበላው። ወንድምሽ ራሱን ካነቃነቀ የራስ ቅሉ ስብ ይገባበትና ልፋታችን ገደል ይገባል። ጥርሱ ላይ ብረት ካለም አስቀድማችሁ ንገሩን። ለመጨረሻ ጊዜ የያዘው መቼ እንደሆነም ጻፉት፤ ቅርብ ከሆነ 1.3 ላይ ላክቴት ብቅ ሊል ይችላል፣ አንባቢው ሐኪም ማወቅ አለበት።

በዚህ ብቻ ግን ማንም ጭንቅላት አይከፍትም። ሲይዘው በቪዲዮ እየቀረጹ የሚነሳው ቪዲዮ ኢኢጂ አለ፣ አንጎል ስኳር የሚጠቀምበትን መጠን የሚያሳየው ፔት አለ። ያቺ የደረቀች ቀኝ እጁ ራሷ ምስክር ናት፤ ቀኝ እጅን የሚያዘው ግራው አንጎል ነውና።

የዳላሱ

በእኔ በኩል አልፏል። በእኔ ስፔክትሮስኮፒ ኤንኤኤው ግራም ቀኝም ቀንሶ ወጣ። እንዲህ ሲሆን አያስደንግጣችሁ፤ ያጋጥማል። የራስ ቅሌን በስተው ቀጫጭን ሽቦ አስገቡና አልጋ ላይ ሆኜ እስኪይዘኝ ጠበቁ። ከቀኝ መሆኑ የለየው ያኔ ነው። ከተሠራልኝ ሦስት ዓመቴ፤ መኪና እነዳለሁ።

ቢላ ስለፈራሁ ብዙ ዘግይቻለሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የካናዳ ጥናት ነው። 80 ሰዎች ነበሩ፤ ግማሹ ለቀዶ ሕክምና፣ ግማሹ ለመድኃኒት በዕጣ ተመደቡ። በዓመቱ ራስ የሚያስት ሕመም የቆመላቸው ከመጀመሪያዎቹ 58 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 8 በመቶ ነበሩ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቃላትን በአብዛኛው የሚይዘው ግራው አንጎል ነውና፣ የወንድምሽ በግራ ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በሚሰጠው የማስታወስና የቃላት ፈተና ላይ አስተርጓሚ ጠይቁ። እኔን ሥዕል እያሳዩ ስሙን በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ። ወንፊት አሳዩኝ። ወንፊትን በምን አፌ በእንግሊዝኛ ልጥራው? «አላስታወሰም» ብለው ጻፉብኝ!

እህቱ ነኝ

ወንፊቱን ለእማዬ ሳነብላት ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። ተባረኩ። ቀጠሮው ሐሙስ ነው። እሑድ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ እንደያዘው ጽፌያለሁ። ማሽን ክፍል፣ ጥርሱን ሳየው ከታችኛው ረድፍ ጀርባ ቀጭን ሽቦ ተለጥፋበታለች፤ ብሬሱን ሲያወጣ የቀረች። ይቺም ትቆጠራለች?

ማሽን ክፍል

ትቆጠራለች። ሐሙስን አትጠብቂ፣ ነገ ጠዋት ደውዪላቸው።