ላም አለኝ በሰማይ፦ ፓይለትነቱን ልተወው?

ጠያቂው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ደህና ሰነበታችሁ። እዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንባቢ ነኝ። የመኪና ኢንሹራንስ የት ይረክሳል፣ ለልጆች አማርኛ የሚያስተምር የት ይገኛል የሚለውን አንብቤ ዝም ብዬ እወጣለሁ። ዛሬ የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ።

ፓይለት ነኝ። 44 ዓመቴ ነው። አገር ቤት 11 ዓመት በርሬያለሁ፤ መጀመሪያ ኪው 400፣ ቀጥሎ ቦይንግ 737። አሜሪካ የመጣሁት በባለቤቴ በኩል ነው። እሷ ነርስ ናት። እንደመጣሁ ሰው ሁሉ "አንተማ ወዲያው ትቀጠራለህ" አለኝ። እዚህ ለአየር መንገድ አብራሪነት የሚጠየቀው 1500 ሰዓት ነው። እኔ ያን ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ግን ላይሰንሱ የአሜሪካ መሆን አለበት። የ30 ሰዓት የክፍል ትምህርትና የ10 ሰዓት ሲሙሌተር ያለው ኮርስ አለ፣ የጽሑፍ ፈተና አለ፣ ከዚያ ከፈታኝ ጋር መብረር አለ። ወጪው ከኪስ ነው። ስምንት ወር ኡበር ነድቼ ከፈልኩት። አንድ ቀን እዚሁ አጠገባችን ደለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ አውርጄ የአገሬ አውሮፕላን ሲያርፍ መኪናዬን አቁሜ አየሁት። የዛን ቀን የተሰማኝን ሌላ ጊዜ አወራችኋለሁ።

በመጨረሻ አንድ አጫጭር መስመር የሚበር ኩባንያ ቀጠረኝ። እልል አልን። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ ረዳት አብራሪ ነኝ። ጣጣው ቤዜ፣ ማለት ኩባንያው የመደበኝ ኤርፖርት፣ ዳላስ ቴክሳስ መሆኑ ነው። (እናቴ እስካሁን ደለስና ዳላስ አንድ ቦታ ይመስሏታል።)

ለማያውቅ ላስረዳ። የፓይለት ስራ የሚጀምረው ከቤዙ ነው። እቤዙ እንዴት እንደሚደርስ የራሱ ጣጣ ነው። ከዚህ ዳላስ ሦስት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። ትርፍ ወንበር ካለ በሱ፣ ከሌለ ኮክፒት ውስጥ ባለችው ተጣጣፊ ወንበር አስፈቅጄ እሄዳለሁ። ሁለቱም ከሌለ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ። ስለዚህ ለነገ ስራ ዛሬ ነው የምወጣው። ዳላስ የማድረው ከሰባት ፓይለቶች ጋር በጋራ በተከራየነው ቤት ነው፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ። የኔ የላይኛው ነው። እናቴ ብታየኝ "ወታደር ቤት ገባህ እንዴ?" ትለኛለች።

ከዚያ ሪዘርቭ የሚባል ነገር አለ። ሰው ሲታመም ወይም አየሩ ሲበላሽ ይደውላሉ። ካልደወሉ ስልክ ታቅፎ መዋል ነው። በጾም ሽሮዬን በትንሽ ዕቃ፣ እንጀራዬን ጠቅልዬ በላስቲክ ይዤ እሄዳለሁ። ማይክሮዌቩን ስከፍት ቤቱ ሙሉ ይሸታል። አንዱ ልጅ "ዛሬ ረቡዕ ነው መሰለኝ" ይለኛል። በሽሮው ቀን መቁጠር ጀምረዋል።

ማን ሪዘርቭ እንደሚቀመጥ፣ ማን በበዓል እቤቱ እንደሚውል የሚወስነው ተራ ነው። ሲኒዮሪቲ ይሉታል። የተቀጠርክበት ቀን ነው። አገር ቤት የበረርኩት 11 ዓመት እዚያ ዝርዝር ላይ እንደ አንድ ቀንም አይቆጠርም። በ2025 ፋሲካችን ከነሱ ፋሲካ ጋር ገጠመ። ሁሉም ሰው እረፍት ጠየቀ። በሁለት ሳምንት የቀደመኝ የ28 ዓመት ልጅ አገኘ። እኔ ዶሮውን በቪዲዮ አየሁት።

ለቅሶም ያመልጠኛል። በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት። የዕድሩ ሰዎች ምንም አይሉኝም፣ ግን ሰላምታቸው ቀዝቅዟል። ባለቤቴ ደግሞ ሌሊት ተረኛ ስትሆን ልጆቹን የሚይዝ ፍለጋ ሰው ደጅ ትጠናለች። ባለፈው ሳምንት እየሳቀች "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አለችኝ። ሳቋ ግን አላስደሰተኝም።

አንዱ ጓደኛዬ ትራክ ግባ ይለኛል። የሚስቴ ወንድም አይቲ ተማር ይላል (እሱ ለሁሉም ሰው ነው አይቲ የሚያዘው፣ ለራስ ምታትም)። እኔ ዲስፓቸርነት (መሬት ላይ ሆኖ በረራ ማቀድ) አስቤያለሁ። ደግሞ ቀበና ሰፈር እናቴን "የፓይለቱ እናት" ነው የሚሏት። እሷን ምን ልበላት? የሞከረው ካለ ንገሩኝ።

ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

ወንድሜ፣ ትራክ ላይ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ገንዘቡ አይከፋም። ግን አንተ የምትሸሸው ከቤት መራቅን ከሆነ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ሕጉ 11 ሰዓት መንዳት ይፈቅዳል፣ ያውም ስራ ከጀመርክ በ14 ሰዓት ውስጥ፤ ከዚያ 10 ሰዓት ማረፍ ግዴታ ነው። የት ታርፋለህ? እዚያው መኪናው ውስጥ፣ ከመቀመጫው ጀርባ። አንተ ቢያንስ ሆቴል ይከፍሉልሃል። የቅርብ መስመር አግኝቶ ማታ ማታ እቤቱ የሚገባም አለ፣ አልዋሽህም። እሱንም ለማግኘት ግን ያው ተራ መጠበቅ ነው።

ከቺካጎ

ዲስፓቸር ነኝ። አገር ቤት ጥገና ክፍል ነበርኩ። ስለ ስራው የምትሰማው ግማሽ ግማሽ ስለሆነ ልጨምርልህ።

ዲስፓቸር ወረቀት አመላላሽ አይደለም። እዚህ አገር በረራው ይነሳ አይነሳ በሚለው ላይ ከካፒቴኑ ጋር እኩል በሕግ ተጠያቂ ነው። መስመሩን፣ ነዳጁን፣ አየሩን፣ ተለዋጭ ማረፊያውን ታወጣለህ። የበረረ ሰው ቶሎ ይለምደዋል። እዚህም ግን ተራ አለ፣ አዲስ ገቢ ሌሊትና ቅዳሜ እሑድ ነው የሚደርሰው። ደመወዙም መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነው። ልዩነቱ ምን መሰለህ? ሌሊቱን ሰርቼ ጠዋት የምተኛው የራሴ አልጋ ላይ ነው።

ሌላ በር አለ ብለው እንዳያደክሙህ፦ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ለመሆን 31 ዓመት ሳይሞላህ ማመልከት ነበረብህ። የመንግስት ኢንስፔክተርነት ደግሞ ዜግነት ይጠይቃል። ከዚያ ውጪ የሲሙሌተር አስተማሪነት አለ፣ እሱ ላንተ የሚሆን ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ለይተህ እየው። ሰው "ላይሰንሴ ይቃጠላል" ብሎ ይፈራል። የአሜሪካ ላይሰንስ ማብቂያ ቀን የለውም። የሚበላሸው ልምምዱ ነው። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነስተህ ሦስት ጊዜ ካላረፍክ ተሳፋሪ መያዝ አትችልም። እሱ በስልጠና ይመለሳል። የማይመለሰው ተራህ ነው። ዛሬ ለቀህ ከሁለት ዓመት በኋላ ብትመለስ ከዝርዝሩ መጨረሻ ነው የምትጀምረው፣ ያውም በ46 ዓመትህ፣ 65 ላይ ደግሞ ሕጉ ራሱ ያወርድሃል። ስለዚህ የመልቀቂያ ደብዳቤ ከመጻፍህ በፊት የፓይለቶች ማኅበራችሁን ጠይቅ። ተራ ሳይነካ ያለ ደመወዝ ፈቃድ የሚሰጥ ውል ሊኖራችሁ ይችላል።

ከቶሮንቶ

እኔ የፓይለት ሚስት ነኝ፣ በዚያ በኩል ልናገር።

ዱባይ ዘጠኝ ዓመት ኖረናል። ቤት በኩባንያው፣ የልጆች ትምህርት ቤት በኩባንያው። ከሩቅ ያየን ሁሉ ተመኘን። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ባለቤቴን ከብዙ ሰው ጋር አሰናበቱት። ያኔ ነው የገባኝ። ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የመኖሪያ ፈቃዱም አንድ ክር ላይ ነበር የተንጠለጠለው። ክሩ ሲበጠስ ሁሉም አንድ ላይ ወደቀ። ሶፋችንን በርካሽ ሸጠን ወጣን። አንተ ግሪን ካርድህ ከስራህ ጋር አልተሳሰረም። ብትለቅም ማንም ውጣ አይልህም። ይቺን ቀላል አድርገህ አትያት።

ባለቤቴ አሁን ሲሙሌተር ያስተምራል። ማታ እቤቱ ነው። ደስተኛ ነው ወይ ካልከኝ፣ አብዛኛውን ቀን አዎ። አንዳንድ ቀን በረንዳ ላይ ቆሞ ሳያየው፣ በድምፁ ብቻ፣ የትኛው ዓይነት አውሮፕላን እንዳለፈ ይነግረኛል። ዝም ብዬ ሻይ እሰጠዋለሁ።

ምክሬ አንድ ነው። ልቀቅ አትልቀቅ አልልህም። ያለፈውን ስድስት ወር ሌሊት በሌሊት ቁጠረው። የት አደርክ? በጥቅሉ "እቤት የለሁም" አትበል፣ ለያይተው። እኛ ዱባይ እያለን አንዴ ቆጥረን ነበር፣ ያገኘነው ካሰብነው ሌላ ሆነ።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ልጄ፣ እኔ ከስድሳ በላይ ነኝና ስለ ስሙ ብቻ ልናገር። አገር ቤት መሐንዲስ ነበርኩ። በ1980ዎቹ እዚህ ስንመጣ ዲሲ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው የሰራነው። አጠገቤ ባለችው ዳስ የሚቀመጠው ዳኛ የነበረ ሰው ነው። እርስ በርሳችን "ኢንጂነር"፣ "ክቡር ዳኛ" ነበር የምንባባለው፣ ቲኬት እየቆረጥን። ለእናቴ በደብዳቤ "በስራዬ ላይ ነኝ" ብዬ እጽፍ ነበር። ውሸት አልነበረም፣ የትኛው ስራ እንደሆነ አልገለጽኩም እንጂ። በኋላ ወንድሜ ሲነግራት ምን አለች መሰለህ? "ይብርደዋል ወይ?" ነው ያለችው። አንተን የሚያስፈራህ ሰፈሩ ነው፣ እናትህ አይደለችም።

ለቅሶውን ግን አልደግፍህም። ባትደርስ እንኳ ደውል። ደውለሃል?

ጠያቂው

ጋሼ፣ አልደወልኩም። ልክ ነዎት። ዛሬ ለሁለቱ ደወልኩ፣ ሦስተኛው ስልክ አላነሳም። እሑድ ለመሄድ አስቤያለሁ፣ ካልጠሩኝ።

ከቶሮንቶ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ሎግ ቡኬንና ካላንደሬን አውጥቼ ቆጠርኩ። ባለቤቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ምልክት እያደረገች። 180 ሌሊት ነው። እቤቴ ያደርኩት 78። በስራ ላይ፣ ሆቴል ያደርኩት 51። ዳላስ በዚያ አልጋ ላይ ያደርኩት 43። ስምንት ሌሊት ደግሞ ወንበር አጥቼ ወደ ቤት መመለስ ያቃተኝ ነው።

ዝም አልን። 51 ሌሊት በረራው ወሰደው፣ ሌላ 51 ሌሊት ደግሞ መንገዱና ጥበቃው። እኩል ለእኩል። ቤቴ ዳላስ ቢሆን ሪዘርቭን እቤቴ ሶፋ ላይ ሆኜ ነበር የምጠብቀው፤ ሲደወል በሁለት ሰዓት ውስጥ መድረስ ነው የሚጠበቅብኝ። 78 የነበረው 129 ይሆን ነበር።

ባለቤቴ ቀና ብላ "ታዲያ የጠላኸው ስራውን ነው መንገዱን?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሦስት ዓመት አንድ ላይ አድርጌ ነው የተማረርኩት።

ግን ይሄም ቀላል አይደለም። እዚህ ቤተክርስቲያናችን አለ፣ ዕድሩ አለ፣ የሷ እናት አሥር ደቂቃ ላይ ናቸው። እኔን እቤት ለማግኘት ስትል እሷ ሰዎቿን ልታጣ ነው። ይሄን ከሷ መጠየቅ ይከብደኛል።

ከጋርላንድ፣ ዳላስ አጠገብ

እህትህ ነኝ፣ እኔም ነርስ ነኝ። ሚስትህን ንገራት፦ ሜሪላንድም ቴክሳስም የነርሶች ላይሰንስ ስምምነት ውስጥ ናቸው። ኗሪነቷን ስታዛውር ላይሰንሱን ወደ ቴክሳስ ማዞር አለባት እንጂ እንደገና ፈተና አትቀመጥም። ሐበሻው እዚህ ብዙ ነው፣ ቤተክርስቲያን አታጡም፣ እንጀራም ከሱቅ ትገዛላችሁ። ሙቀቱ ግን ሐምሌ ላይ ያስለቅሳል፣ ይሄን ሳልደብቅ። መጀመሪያ መጥታችሁ እዩ። ሆቴል አትያዙ፣ እኛ ጋር ነው የምታርፉት። ሚስትህ ብቻዋን ከሰው ጋር ታውራ፣ አንተ ስትኖር "እሺ" ልትልህ ትችላለች።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። በውስጥ መስመር ጽፌልሻለሁ። የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ሳነብላት ባለቤቴ "ይቺን ሴት ወደድኳት" ብላለች።

እስካሁን ያለው ይህን ይመስላል። የመልቀቂያ ደብዳቤ አልጻፍኩም። ማኅበሩን ጠይቄያለሁ፣ ያለ ደመወዝ ፈቃድ በውላችን ውስጥ አለ፣ ግን አመልክቶ መጠበቅ ነው። የሲሙሌተር አስተማሪነት አንድ ቦታ አመልክቻለሁ፣ ቢመጣ እናየዋለን። ባለቤቴ በሚቀጥለው ወር ለአራት ቀን ዳላስ ትሄዳለች፣ ያለ እኔ።

ትናንት ለእናቴ ደወልኩላት። ከሰላምታው በኋላ ጉሮሮዬን ጠርጌ "እማዬ፣ ምናልባት ቤታችንን ወደ ዳላስ ልናዛውር እያሰብን ነው" አልኳት።

"ውይ፣" አለች፣ "ድሮስ እዚያ አይደለህ እንዴ?"