ጉልቻው ተቀየረ፣ ወጡስ? የእንግሊዝ ክፍለ ሀገር ባቡር ወደ መንግሥት መመለሱ ምን ፈየደ?

የሊድሷ፦
እስቲ ዛሬ ሳንሰዳደብ እንከራከር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) መንግሥት የባቡር ድርጅቶቹን ኮንትራታቸው ባለቀ ቁጥር አንድ በአንድ እየወሰዳቸው ነው። ሕጉ የጸደቀው በኖቬምበር 2024 ነው። ሳውዝ ዌስተርን በሜይ 2025 ገባ፣ ሲቱሲ በጁላይ፣ ግሬተር አንግሊያ በኦክቶበር። መጨረሻ ላይ ሁሉም ግሬት ብሪቲሽ ሬልዌይስ በሚባል አንድ መሥሪያ ቤት ሥር ይጠቃለላሉ፣ ዋናው ቢሮም ደርቢ ነው ተብሏል። ደስ ይበላችሁ እየተባልን ነው። እኔ ግን ደስ አላለኝም። የሰሜኖቹ ድርጅቶች ግን፣ ኖርዘርን እኮ ከማርች 2020 ጀምሮ፣ ትራንስፔናይን ደግሞ ከሜይ 2023 ጀምሮ በመንግሥት እጅ ናቸው። የሰሜን ሰው ይህን አዲስ የሚባል መድኃኒት ሲውጥ ቆይቷል። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ከሎንዶን ውጭ ለምንኖር፣ ሁለት ፉርጎ ባላት ባቡር ተጋፍተን ሥራ ለምንገባ ሰዎች የባለቤት መቀየር ምን ፈየደልን? ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ባይ ነኝ። ከተሳሳትኩ አስረዱኝ።

ጋሽ ደርቢ፦
ልጄ፣ ተረቱ ያምራል፣ ግን ወጡን ማን እንዳበላሸው መጀመሪያ እንይ። እኔ እዚህ አገር የመጣሁት በ1980ዎቹ ነው፣ የድሮውን የመንግሥት ባቡር፣ ብሪቲሽ ሬልን፣ አውቀዋለሁ። ሳንድዊቹ ይቀለድበት ነበር፣ እውነት ነው። ግን ባቡሩም ሐዲዱም ጣቢያውም ያንድ ቤት ንብረት ነበር፣ ሲበላሽ የሚጠየቀውም አንድ ነበር። በ1993 በጆን ሜጀር ጊዜ ሕግ ወጣና ቤቱን ቆራርጠው ሸጡት። ሐዲዱን ለሬልትራክ፣ ባቡሮቹን ለአከራዮች፣ መንዳቱን ለሌሎች። ከዚያ በ2000 ሃትፊልድ ላይ የተሰነጠቀ ሐዲድ ተሰባብሮ አራት ሰው ሞተ፣ ሬልትራክም ብዙ ሳይቆይ ወደቀ። በ2002 ሐዲዱን ኔትወርክ ሬል ተረከበው። የተከፋፈለውን መሰብሰብ ጥሩ ነው ስል ናፍቆት ብቻ አይደለም።

ቆጣቢው፦
ጋሼ፣ ከይቅርታ ጋር፣ ግማሹን ነው የነገሩን። በ1963 ያ የቢቺንግ ሪፖርት ከ2,300 በላይ ጣቢያ ይዘጋ ሲል ባቡሩ የማን ነበር? የመንግሥት። እነዚያ ፔሰር የሚባሉ፣ የሌይላንድ አውቶቡስ አካል ባቡር ጎማ ላይ አስቀምጠው የሠሯቸው፣ ኩርባ ላይ እሪ የሚሉ ነገሮችስ የማን ሥራ ናቸው? የብሪቲሽ ሬል። ለ20 ዓመት ያህል ያገለግላሉ ተብለው ተሠርተው የሰሜን ሰው እስከ 2020 ድረስ ተንገጫገጨባቸው። ደግሞ ከተሸጠ በኋላ ነው ተሳፋሪው ከ735 ሚሊዮን ገደማ የዓመት ጉዞ ተነስቶ ከኮቪድ በፊት ወደ 1.7 ቢሊዮን የደረሰው። ግሬተር አንግሊያን ተመልከቱ። በግል እጅ እያለ ነው ባቡሮቹን በሙሉ በአዲስ የቀየረው። ኖርዊችና ሼሪንግሃም መካከል፣ ለገጠር ሰው፣ ከፕላትፎርሙ እኩል የሆነ መግቢያ ያለው አዲስ ባቡር ነው የሚመላለሰው። ሰዓት በማክበርም ከአገሪቱ ጥሩዎቹ መካከል ነበር። አሁን መንግሥት ሲወስደው ምን ሊያሻሽል ነው?

የሊድሷ፦
አየህ፣ እኔም የምለው ይሄንን ነው። የግል ሆኖ ጥሩ የሆነ አለ፣ የመንግሥት ሆኖ የተበላሸ አለ። ስለዚህ ባለቤቱ አይደለም ቁልፉ።

ጋሽ ደርቢ፦
ያ የተሳፋሪ ብዛት ባቡሩ በመሸጡ ብቻ የመጣ አይደለም። ኢኮኖሚው አድጓል፣ መንገዱ በመኪና ታንቋል፣ የከተማ መሀል ቤት ኪራይ ሰዉን አርቆታል። ዶሮ ስለጮኸ ነው ጎህ የቀደደው እንደማለት እንዳይሆን።

ሐዲዱ፦
እኔ ሌሊት ሐዲድ ላይ የምሠራ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ፖለቲካውን ለእናንተ ትቼ ስለ ብረቱ ላውራ። ማንቸስተርን የምታውቁ፦ ከዲንስጌት በኦክስፎርድ ሮድ አድርጎ ዋናው ጣቢያ ፒካዲሊ 13ና 14 ቁጥር ፕላትፎርም የሚደርሰው መስመር ሁለት ሐዲድ ብቻ ነው። አንድ መሄጃ፣ አንድ መመለሻ። በዚያ ጠባብ ቦይ ውስጥ የአየር ማረፊያው ባቡር፣ የሊቨርፑሉ፣ የሰሜን ምዕራቡ፣ የጭነቱ ሁሉ ያልፋል። በ2017 መጨረሻ ኦርድሳል ኮርድ የሚባል አዲስ ማገናኛ ሠሩና ተጨማሪ ባቡር ወደዚያው ላኩ። አብረው ሊሠሩ የታሰቡት 15ና 16 ቁጥር ፕላትፎርሞች ግን እስከ ዛሬ የሉም። በሩን አስፍተው ሳሎኑን እንደነበረ ተዉት። ኔትወርክ ሬል ራሱ በ2019 መስመሩ ተጨናንቋል ብሎ በይፋ አወጀ። አሁን እስቲ ንገሩኝ፣ እዚያ ላይ አንድ ባቡር አምስት ደቂቃ ሲዘገይ ከኋላው ያለው ሁሉ እየተሳሰረ ሊድስ ድረስ ይደርሳል። የግል ይሁን የመንግሥት ሐዲዱ ምን ያውቃል?

የሜይ 2018ቱን ትርምስ ታስታውሱ ይሆናል። አዲሱ የጊዜ ሰሌዳ በ20ኛው ቀን ሥራ ላይ ዋለ፣ ባቡሩ ግን የጨረባ ተዝካር ሆነ። ምክንያቱ ምን ነበር? የቦልተን መስመር ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ዘገየ፣ ሰሌዳው በጥድፊያ እንደገና ተጻፈ፣ ሾፌሮቹም አዲሱን መንገድ ለመማር ጊዜ አላገኙም። ኖርዘርን በጁን መጀመሪያ በቀን 165 ባቡር ከሰሌዳው አነሳ። ዊንደርሚር፣ ያ ቱሪስት የሚጎርፍበት ቦታ፣ ለሁለት ሳምንት መደበኛ ባቡሩ ተቋረጠበት። ያኔ ኦፕሬተሩ የግል ነበር፣ ሐዲዱ የመንግሥት። ሁሉም ጣቱን ወደ ሌላው ቀሰረ። ጋሽ ደርቢ አንድ ቤት የሚሉት እዚህ ላይ ትክክል ናቸው። ግን አንድ ቤት መሆን ብቻውን 15ና 16 ቁጥርን አይሠራም። ብር ነው የሚሠራው።

ቆጣቢው፦
ብሩ ደግሞ ከማን ኪስ? ባቡር ከማይሳፈር ግብር ከፋይም ጭምር።

የኒውካስሏ፦
ቆጣቢው፣ አንተ ሎንዶን ዙሪያ እንደምትኖር ከአነጋገርህ ያስታውቃል 😂። እኔ ደግሞ የምሥራች ላካፍላችሁ። አሺንግተን የድሮ የከሰል ማዕድን ከተማ ነው። በ1964 የሰው ባቡሩን ዘጉበት። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 2024፣ ወደ ኒውካስል የሚሄድ ባቡር ተመለሰለት። ወደ 300 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቷል፣ መጀመሪያ ከታሰበው እጅግ አልፏል፣ አልክድም። ግን የአንድ ጉዞ ዋጋው ሲከፈት ከ3 ፓውንድ አይበልጥም ነበር! በአውቶቡስ ተንገላትቶ ኮሌጅ የሚሄድ ልጅ አሁን በባቡር ይሄዳል። ደቡብ ምዕራብ ደግሞ ኦክሃምፕተን በ2021 ተከፍቶላቸዋል፣ ያውም ከተመደበው በጀት በታች። ባለቤት ምንም ይሁን፣ መሥመር የሚከፍት አምላክ ይስጠው።

በሌላ በኩል ከሎንዶን ወደ እኛ ወደ ኒውካስል የሚመላለሰው ድርጅት፣ ኤልኤንኢአር፣ ከ2018 ጀምሮ የመንግሥት ነው። በ2024 ከኒውካስል ሎንዶን የነበረውን ኦፍ ፒክ (ሰው ከሚበዛበት ሰዓት ውጭ የሚሠራ) ቲኬት አንስቶ ከተያዘው ባቡር 70 ደቂቃ ብቻ ወዲያ ወዲህ የሚያስብል ቲኬት ተካበት። እንደ ልብህ የምትመለስበት ቀረ። ይህንን የግል ድርጅት ቢያደርገው ኖሮ ስንት ሰልፍ በወጣ!

ጋሽ ደርቢ፦
ይሄ እውነት ነው፣ እኔም ተናድጃለሁ። ሆኖም እንግሊዝ ውስጥ በመንግሥት የሚወሰኑት ዋጋዎች እስከ ማርች 2027 እንዳይጨምሩ ተደርጓል፣ በ30 ዓመት የመጀመሪያው። ያንን አትርሺ።

ቆጣቢው፦
ጋሼ፣ በ2025 ማርች 4.6 በመቶ ከጨመሩ በኋላ ነዋ ያቆሙት።

ፈረቃ፦
አንባቢ ብቻ ነበርኩ፣ አሁን ግን ልናገር። እኔ ባቡር ላይ ኮንዳክተር ነኝ፣ የት እንደምሠራ አልናገርም። ሁላችሁም የዘነጋችሁት ነገር አለ፣ ሠራተኛው። እሁድ ለምን ባቡር ይሰረዛል? በብዙ ቦታ እሁድ ከሥራ ሳምንቱ ውጭ ነው። የሚሠራው በፈቃደኝነት፣ በኦቨርታይም ነው። ኖርዘርን በምዕራቡ ክፍል ያለበት ትልቅ ጣጣ ይሄው ነው። ፀሐይ ስትወጣ ወይም ኳስ ሲኖር ፈቃደኛ ይጠፋል። ይህ ውል ከብሪቲሽ ሬል ዘመን የተወረሰ ነው። የግሎቹም ሊፈቱት አልፈለጉም፣ ምክንያቱም ሰው ከመቅጠር ኦቨርታይም ይረክሳል። አሁን መንግሥት ወርሶታል። እኛን ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት እሁድን በነፃ የሚሰጥ ሰው ካለ ይጠቁመኝ።

የሊድሷ፦
ወንድሜ፣ ማንም ሰነፍ አላለህም። ግን የእኔንም ስማ። የምኖረው ከከተማ ወጣ ያለች ትንሽ ቦታ ነው። እሁድ ለቤተ ክርስቲያን የምትነሳዋን የመጀመሪያዋን ባቡር ይዤ ስደርስ ወንጌል ተነቧል። እሷም ከተሰረዘች የምደርሰው ለጸበል ጻዲቁ ነው። እናቴ አብራኝ ስትኖር «ይሄ አገር እሁድን ለሥራ ነው ለእግዜር ነው የሚያከብረው?» ትለኝ ነበር። ለሁለቱም አልሆነም አልኳት። ሌላው ደግሞ የእሁድ ፈረቃ ያለበት ሰው ነው። ሆስፒታልና የአረጋውያን ቤት የሚሠራው የእኛ ሰው ስንት ነው? በባቡር መሰረዝ ሰበብ ማስጠንቀቂያ የተጻፈባት ጓደኛ አለችኝ።

ፈረቃ፦
እሱስ ልክ ነሽ እህቴ። እኔም ፕላትፎርም ላይ የቆመውን ሰው ፊት ማየት አልወድም። ስድቡን የምንቀበለው እኛ ነን፣ ስብሰባ ላይ ያሉት አይደሉም። በነገራችን ላይ በ2024 የኖርዘርን ኃላፊዎች ገና ፋክስ ማሽን እንደሚጠቀሙ ሲናገሩ አገር ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ፋክሱን ለማንሳት እንኳ ከማኅበሩ ጋር ስምምነት ያስፈልጋል። ነገሩ የተቆላለፈው እንዲህ ነው።

ቆጣቢው፦
ፋክስ! በ2024! እኔ ምንም አልልም።

የመርሲው፦
ሊቨርፑልን ማንም አላነሳም? እኛ ጋ መርሲሬል አለ። የሚነዱት የግል ድርጅቶች ናቸው፣ ውሉን የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው ግን የአካባቢው አስተዳደር ነው። አዲሶቹን ባቡሮችም አስተዳደሩ ራሱ ነው የገዛቸው፣ ከአከራይ አልወሰዳቸውም። ልብ በሉ፣ አሁን ወደ መንግሥት ተመለሱ የሚባሉት ባቡሮች አብዛኞቹ ዛሬም ኤንጀል፣ ፖርተርብሩክና ኤቨርሾልት የሚባሉ አከራዮች ናቸው ባለቤቶቻቸው። ሾፌሩ የመንግሥት፣ ባቡሩ የኪራይ። ስለዚህ ለእኔ ጥያቄው የግል ወይስ የመንግሥት አይደለም። የእኛን ጣቢያ ጉዳይ የሚወስነው ሰው ጣቢያችንን አይቶት ያውቃል ወይ ነው። ሎንዶን ራሷ ኦቨርግራውንድ የሚባለውን የከተማ ባቡሯን በከንቲባዋ በኩል ነው የምታስኬደው። ለእሷ የተፈቀደ ለሊድስ ለምን ይከለከላል?

ሐዲዱ፦
ይሄኛው ቁም ነገር ነው። ማንቸስተርም አውቶቡሱን በከንቲባው ሥር አጠቃሎ ስምንት የባቡር መስመሮችን እስከ 2028 ከዚያው ጋር ሊያያይዝ ነው። ግን አሁንም እላለሁ፣ ፒካዲሊ ላይ ተጨማሪ ፕላትፎርም ከሌለ እንደ አውቶቡሶቹ ቢጫ ቀለም ብቻ ነው የሚጨመረው።

ቆጣቢው፦
ከንቲባው ብሩን ከየት ያመጣል? ተመልሰን እዚያው።

የኒውካስሏ፦
ኤችኤስቱ የሚባለው የፈጣን ባቡር ፕሮጀክት በ2023 ሰሜኑን ሲተው የተረፈው ብር ለሰሜን ትራንስፖርት ይውላል ተብሎ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ።

ጋሽ ደርቢ፦
እኔ አሁንም ተስፋ አለኝ። ያ አንድ ቤት ገና እየተገነባ ነው። የሊድሷ ልጄ፣ ኖርዘርን የመንግሥት ሆኖ አልተሻሻለም ያልሽው ልክ ነው፣ ግን እስካሁን ሐዲዱ የሌላ፣ ባቡሩ የሌላ፣ ቲኬቱ የሌላ በሆነበት ነው የሠራው። ጉልቻው ገና አንዱ ብቻ ነው የተቀየረው።

የሊድሷ፦
ጋሼ፣ ይሄ ከሁሉም የተሻለ መልስ ነው፣ እቀበላለሁ። ግን ሌሎቹ ሁለት ጉልቻዎች እስኪመጡ እኔ ጡረታ ወጣሁ። ሳውዝ ዌስተርን መንግሥት በወሰደበት ጠዋት የመጀመሪያው ጉዞ በከፊል በአውቶቡስ እንደነበር ሰምታችኋል አይደል? ከሐዲድ ጥገና የተነሳ ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ግን ሳቄ መጣ።

አዲስ ገቢ፦
ሰላም ለቤቱ፣ ከርዕስ ወጣሁ ይቅርታ። ትናንት ባቡሬ 40 ደቂቃ ዘግይቶ ገባ። ካሳ አለው ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው ወይስ ወሬ?

ፈረቃ፦
እውነት ነው። ዲሌይ ሪፔይ ይባላል። በብዙዎቹ ድርጅቶች ከ15 ደቂቃ ጀምሮ የአንድ ጉዞ ዋጋ ሩቡን፣ ከ30 ጀምሮ ግማሹን፣ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ሙሉውን ይመልሳሉ። አንተ ግማሹ ይገባሃል። ጥያቄውን በ28 ቀን ውስጥ አስገባ። ቲኬቱን ጣልከው?

አዲስ ገቢ፦
መውጫው በር ማሽኑ ዋጠው።

ፈረቃ፦
በካርድ ከከፈልክ የባንክ መዝገብህን አያይዘህ ሞክር። ለቀጣዩ ደግሞ ከበሩ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳው።